በተክል በተሞላ የዓሣ ገንዳ ውስጥ አልጌን በአልጌ በል እንስሳት የመቆጣጠር አሠራር

ሕያው ተክል የተተከለበትና ጨው አልባ ውሃ የተሞላ የዓሣ ገንዳ ያለው ሰው ከአልጌ (ዋቅላሚ) ጋር መገናኘቱ አይቀርም፤ ተክሉን የሚያሳድጉት ብርሃን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ንጥረ ነገሮች አልጌውንም ያሳድጋሉና። በድንጋይና በእንጨት ላይ የሚታይ ስስ አረንጓዴ ሽፋን ምንም ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ለብዙ ትናንሽ እንስሳት ምግብ ነው። ችግር የሚሆነው ቅጠሎችን ሸፍኖ ብርሃን ሲነፍጋቸው፣ በተክሎቹ መካከል ተጠላልፎ እድገታቸውን ሲገታ፣ መስታወቱንም አላሳይ ሲል ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ሻጭ ሄዶ «አልጌ የሚበላ ዓሣ» ይጠይቃል፤ ይዞ የሚመለሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለገንዳው የማይመጥን፣ ገንዳውን የወረረውን የአልጌ ዓይነትም የማይነካ እንስሳ ነው።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ አልጌ በል እንስሳ የበቀለውን አልጌ ይበላል እንጂ ያበቀለውን ምክንያት እንደማያስወግድ ነው። ከበላው ውስጥ ብዙው በኩስና በአሞኒያ መልክ ተመልሶ እዚያው ውሃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እንስሳው መግባት ያለበት ምክንያቱ ከተስተካከለና ትልቁ ክምችት በእጅ ከተወገደ በኋላ፣ የቀረውን እየለቀመ አዲስ የሚበቅለውንም በለጋነቱ እየበላ ገንዳውን እንዲጠብቅ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ እንስሳው ይጎዳል፤ አልጌውም በነበረበት ይቀጥላል። ከዚህ በታች የተሰጡት ቁጥሮች በአዲስ አበባ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ የተቀመጠን 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ መነሻ ያደረጉ ናቸው፤ እንደ ገንዳዎ መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጓቸው።

ደረጃ 1፦ የአልጌውን ዓይነት ይለዩ

ሁሉንም አልጌ የሚበላ እንስሳ የለም። በመሆኑም ከመግዛትዎ በፊት መብራቱ በደንብ በበራበት ሰዓት መስታወቱን፣ የቆዩትን ቅጠሎች፣ ድንጋዩንና የፊልተሩን መውጫ በቅርበት ይመልከቱ፤ በጣትዎም ይንኩ።

በጣት ሲነካ እንደ አቧራ በቀላሉ የሚለቅ ቡናማ ሽፋን ዲያቶም የሚባለው ነው። ገና በተቋቋመ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይመጣል፤ ገንዳው ሲረጋጋና ተክሎቹ ሥር ሲሰዱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። በመስታወትና እንደ አኑቢያስ ባሉ ቀስ ብለው በሚያድጉ ተክሎች ቅጠል ላይ የሚጣበቁት ጠንካራ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ደግሞ በስፖንጅ አይለቁም፤ በምላጭ መፋቅ አለባቸው። ብርሃኑ ጠንክሮ ፎስፌት ሲያንስ ይበዛሉ። ረጃጅም አረንጓዴ ክሮች፣ በጥርስ ብሩሽ ላይ ሲጠቀለሉ የሚወጡት፣ ፀጉራማ አልጌ ናቸው። በቅጠል ጠርዝ፣ በእንጨትና ውሃ በኃይል በሚፈስበት ቦታ ላይ የሚቆሙት አጫጭር ጥቁር ጭራዎች ጥቁር ጺም አልጌ ይባላሉ፤ መልካቸው ጥቁር ቢሆንም ከቀይ አልጌ ወገን በመሆናቸው የተነቀለ ጭራ አልኮል ውስጥ ሲገባ ወደ ቀይነት ይለወጣል። በዚህ መንገድ ጥርጣሬን ማጥራት ይቻላል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ እዚህ በምጠቅሳቸው እንስሳት አይፈቱም። አንደኛው አፈሩንና ተክሉን እንደ አንሶላ የሚሸፍነው፣ በቀላሉ በቁራጭ የሚነሳውና መጥፎ ሽታ ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ ንጣፍ ነው። ይህ በእርግጥ አልጌ ሳይሆን ሳይኖባክቴሪያ የተባለ የባክቴሪያ ወገን ሲሆን፣ ከዚህ በታች ከተጠቀሱት እንስሳት አንዱም አይበላውም። ሁለተኛው ውሃውን ራሱን እንደ ጎመን ቅቅል ውሃ አረንጓዴ የሚያደርገው ተንሳፋፊ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው፤ ዓሣና ሽሪምፕ ሊለቅሙት አይችሉም። ለሁለቱም መፍትሔው የሚታየውን መጥጦ ማውጣት፣ ውሃ መቀየርና ገንዳውን ለ3 ቀን ያህል በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ ከብርሃን መከልከል ነው። በነዚህ ቀናት የአየር ፓምፑ ሳይቋረጥ መሥራት አለበት፤ የሚሞተው አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይወስዳልና። ሽፋኑ እንደተነሳም ግማሽ ያህሉን ውሃ ይቀይሩ።

ደረጃ 2፦ ምክንያቱን ያስተካክሉ

ከሁሉ በፊት መብራቱን ይመልከቱ። ለአብዛኛው ተክል በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚደርስ ብርሃን ይበቃል፤ በእጅ ማብራትና ማጥፋት ስለሚረሳ መብራቱን በታይመር ያገናኙ። በእኛ አገር የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ገንዳ መብራቱ ቢቀነስም እንኳ ከሚገባው በላይ ብርሃን ያገኛል። መጋረጃ ማድረግ ወይም ገንዳውን ማዛወር ከየትኛውም እንስሳ የበለጠ ውጤት ያመጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ተክሉ ነው። ማዳበሪያን ማቋረጥ አልጌን ያስርባል የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ፤ ነገር ግን ቀድሞ የሚራበው ተክሉ ነው፤ የተራበ ተክል ቅጠሉ ይሞታል፣ ከሚሞተው ቅጠል የሚወጣውም ነገር ለአልጌው ሲሳይ ይሆናል። ስለዚህ ማዳበሪያውን በመጠኑ ይቀጥሉ፤ እንደ ቫሊስኔሪያና ሃይግሮፊላ ያሉ ፈጣን አዳጊዎችን ይጨምሩ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋዝ የሚሰጥ ከሆነ መጠኑ ከቀን ወደ ቀን አይዋዥቅ፤ ጥቁር ጺም አልጌ መዋዠቁን የሚወድ ይመስላል።

በየሳምንቱ ከገንዳው ውሃ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ክሎሪን የሚያጠፋ ፈሳሽ ይጨምሩበት፤ ወይም በባልዲ ለ24 ሰዓት ክፍት አድርገው ያሳድሩት። ክዳኑ ተዘግቶ በሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ማለት አይደለም። ለዓሦቹ የሚሰጠው ምግብ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከሚያልቀው አይብለጥ። በመመርመሪያ ኪት ሲለካ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ናይትሬት ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ለተክሉም ለእንስሳውም ይስማማል።

በመጨረሻም ክምችቱን በእጅ ያስወግዱ፦ ፀጉራማውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየጠቀለሉ፣ ነጠብጣቡን በምላጭ እየፋቁ፣ ጥቁር ጺም የወረሰውን ቅጠል ደግሞ ከሥሩ እየቆረጡ። የገንዳው ግድግዳ መስታወት ሳይሆን ፕላስቲክ ከሆነ ምላጭ ይጭረዋልና ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ ይጠቀሙ።

ደረጃ 3፦ ለእንስሳው የሚሆን አየርና ሙቀት ያዘጋጁ

ይህ ደረጃ በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ አይገኝም፤ ለከፍተኛ ቦታ ነዋሪ ግን ወሳኝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በሌላ በኩል አልጌ በል ዓሦች ብዙዎቹ ኦክስጅን ከሞላበት ወራጅ ውሃ የመጡ ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ ተክሎች ብርሃን ሲጠፋ ኦክስጅን መስጠት ትተው መውሰድ ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ጉዳት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሊነጋጋ ሲል ነው። የፊልተሩን መውጫ የውሃው ገጽ እንዲንቀሳቀስ አድርገው ያስተካክሉ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋዝ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጥፋ፤ የአየር ፓምፕ ሌሊቱን ይሥራ። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ በቤት ውስጥ መኖሩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ሙቀቱን ማሞቂያ በመጠቀም በ23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያቆዩት። በዚህ ሙቀት ከዚህ በታች የማቀርባቸው እንስሳት ሁሉ በደኅና ይኖራሉ፤ ሙቀቱ ከዚህ በላይ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል።

ደረጃ 4፦ ለአልጌው የሚስማማውን እንስሳ ይምረጡ

ለፀጉራማ አልጌ ከአማኖ ሽሪምፕ የሚበልጥ አላውቅም። ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው ፎቶ አንሺና የተክል ገንዳ ጥበብ አባት ከታካሺ አማኖ (1954–2015 እ.ኤ.አ.) ነው፤ በ1980ዎቹ ይህን ሽሪምፕ በገንዳዎቹ ውስጥ በብዛት አስገብቶ አልጌ በመብላት ችሎታው ዝነኛ ያደረገው እርሱ ነው። ሲያድግ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በትናንሽ እግሮቹ ክሩን እየጎተተ፣ በቅጠል መካከል የተቀረቀረውን ሁሉ እየለቀመ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። እጮቹ ለማደግ ጨዋማ ውሃ ስለሚያስፈልጋቸው በገንዳ ውስጥ አይራባም፤ ቁጥሩ ከእጅ አይወጣም ማለት ነው። ለ100 ሊትር ከ8 እስከ 12 የሚሆኑት ይበቃሉ። በቀለሟ የምትወደደው ቀይዋ ቼሪ ሽሪምፕ ግን መጠኗ ትንሽ በመሆኑ የምትበላው ለስላሳውን ሽፋንና ብስባሹን እንጂ ክሩን አይደለም፤ በገንዳው ውስጥ መራባቷ ግን ቁጥሯን ስለሚያበዛው ለዕለት ጽዳት ትጠቅማለች።

ለዲያቶምና በቅጠል ላይ ለሚንጣለል ለስላሳ አረንጓዴ ሽፋን ኦቶሲንክለስ የተባለው ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ ዓሣ ተመራጭ ነው። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚረዝም፣ ሰላማዊ፣ ቅጠሉን ሳይጎዳ ገጹን የሚልስ ዓሣ ነው። ብቻውን ሲሆን ስለሚጨነቅ ቢያንስ 6 አንድ ላይ ይሁኑ። ነገር ግን ለጀማሪ የሚሰጥ ዓሣ አይደለም፤ ለገበያ ከሚቀርቡት ብዙዎቹ ከወንዝ የተያዙ በመሆናቸው በጉዞ ላይ ለቀናት ሳይበሉ ይቆያሉ፣ ሲደርሱም ሆዳቸው ተሟጦ ይገኛል። ገንዳው ቢያንስ 3 ወር ካልሞላውና በግድግዳው ላይ የሚላስ ነገር ከሌለ አይግዟቸው።

በመስታወትና በቅጠል ላይ ለተጣበቀው ጠንካራ ነጠብጣብ ኔራይት የሚባለው ቀንድ አውጣ ያገለግላል። እንደ ሞረድ የሻከረ ምላሱ ሌሎች የማይደፍሩትን ይፍቃል፤ ያለፈበት ሁሉ መስመር ሆኖ ይታያል። ለ100 ሊትር 3 ወይም 4 ይበቃሉ። እንቁላሉን እንደ ሰሊጥ ፍሬ ነጭ አድርጎ በእንጨትና በድንጋይ ላይ ይለጥፋል፤ እንቁላሉ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ አድጎ ቀንድ አውጣ አይሆንም፣ መልኩ ግን አንዳንድ ሰው አይወድለትም። ቅርፊቱ ከካልሲየም የተሠራ ስለሆነ ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ይበላዋል፤ የውሃዎ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ7 በታች ከሆነ ካልሲየም የሚሰጥ ድንጋይ ወይም የእንቁላል ቅርፊት በፊልተሩ ውስጥ ያስቀምጡ።

ለጥቁር ጺም አልጌ የሚታወቀው የሲያም አልጌ በል ዓሣ ነው። ለጋውን ጺም ይበላል፤ ያረጀውንና የጠነከረውን ግን ብዙም አይነካውም። እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚያድግና ሲዋኝ ሰፊ ቦታ የሚፈልግ በመሆኑ ለ100 ሊትር ገንዳ አይሆንም፤ ርዝመቱ ከ1 ሜትር የሚያንስ ገንዳ ያለው ሰው ጺሙን በእጅ ቢያስወግድና የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መዋዠቅ ቢያስተካክል ይሻላል እላለሁ። ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በዚሁ ስም የሚሸጡ ሌሎች ዓሦች አሉ። በትክክለኛው የሲያም አልጌ በል ላይ ከአፍንጫው ጀምሮ የሚሄደው ጥቁር መስመር ሳይቋረጥ ጅራቱን አልፎ እስከ ጫፍ ይደርሳል፤ ክንፎቹም ቀለም የላቸውም። የቻይና አልጌ በል የሚባለው ግን ከሥር እንደ ጎማ ጽዋ የሚጣበቅ አፍ አለው፤ ሲያድግ ከ25 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፣ አልጌ መብላቱን እየተወ የሌሎችን ዓሦች ገላ መላስ ይጀምራል፣ ሌሎቹንም ያባርራል። አይግዙት።

እንጨት ባለበት ገንዳ ውስጥ አንድ ብሪስልኖዝ ፕሌኮ ማኖር ይቻላል፤ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚቆም፣ መስታወትና እንጨት የሚያጸዳ ዓሣ ነው፤ የሚጥለው ኩስ ግን ብዙ ነው። «ፕሌኮ» ተብሎ በልጅነቱ የሚሸጠው ተራው ዓይነት ግን እስከ 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል፤ ለስላሳ ተክል ይነቅላል፣ ቅጠል ይበሳል። ሻጩ ትንሽ ሆኖ ይቀራል ቢልዎት አይመኑ።

ከመወሰንዎ በፊት በገንዳው ያሉትን ነዋሪዎች ያስቡ። ኤንጅል ፊሽና አብዛኞቹ ሲክሊዶች ሽሪምፕን እንደ ምግብ ያዩታል፤ ፓፈርና ብዙ የሎች ዓይነቶች ቀንድ አውጣን ይበላሉ። ትናንሽ ቴትራ፣ ራስቦራና ኮሪዶራስ ከሁሉም ጋር ይስማማሉ። ለ100 ሊትር ገንዳ የእኔ ምርጫ 8 አማኖ ሽሪምፕና 3 ኔራይት ነው፤ ገንዳው ሲበስል 6 ኦቶሲንክለስ ይጨመራሉ። ከዚህ ማብዛት ረሃብን እንጂ ንጽሕናን አያመጣም።

ደረጃ 5፦ ከሐይቅና ከወንዝ ቀንድ አውጣ አያምጡ

ገበያ ላይ ኔራይት ሲጠፋ ከሐይቅ ዳር ቀንድ አውጣ ለቅሞ ማስገባት የሚቀል ይመስላል። ይህ ለሰው ጤና አደገኛ ነው። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ተውሳክ ከእድገቱ አንዱን ክፍል የሚጨርሰው በጨው አልባ ውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው በዓይን የማይታይ እጭ በውሃ ውስጥ እየዋኘ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። በአገራችን የአንጀት ቢልሃርዚያ በጣና፣ በባቱና በሐዋሳ ሐይቆች ዳርቻ ጭምር የሚገኝ በሽታ ነው። የተያዘ ቀንድ አውጣ በገንዳ ውስጥ ገብቶ ባለቤቱ ተክል ሊያስተካክል እጁን ቢነክር ለበሽታው ይጋለጣል፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ ጉዳት ከሌለው ከሚመስለው ዘመዱ በዓይን መለየት ለባለሙያም ይከብዳልና «ይህኛው ሌላ ነው» በሚል ግምት አይደፋፈሩ። ከእንዲህ ዓይነት ውሃ የመጣ ተክልም ቢሆን ቀንድ አውጣ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል አይጠቀሙበት።

በወንዞቻችን ውስጥ ጋራ የሚባለው የዓሣ ወገን አባላት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው እነርሱን ለማስገባት ሊያስብ ይችላል። ከአፋቸው ሥር ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው አልጌ የሚፍቁ ድንቅ ዓሦች ናቸው። ነገር ግን ኑሯቸው ፈጣንና ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስለተመሠረተ ፀጥ ያለና የሞቀ የተክል ገንዳ ቤታቸው አይደለም።

ደረጃ 6፦ ሲገዙ ይመርምሩ፣ ለይተው ያቆዩ

ኦቶሲንክለስ ሲገዙ ከመስታወቱ ላይ ተጣብቆ ሳለ ሆዱን ይመልከቱ፤ ክብ ብሎ ከሞላ ጤነኛ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። አማኖ ሽሪምፕ ገላው ብርሃን የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ ወተት የመሰለ ንጣት የሕመም ምልክት ነው። ኔራይት ከመስታወት ላይ ሲነሳ መቃወም አለበት፤ ቅርፊቱ ተከፍቶ የሚሸት ከሆነ ሞቷል።

የተገዛውን ሁሉ ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ ለኦቶሲንክለስ ደግሞ ለ4 ሳምንት፣ ከ20 እስከ 40 ሊትር በሚይዝ ሌላ ዕቃ ውስጥ ይለዩ። አሞኒያን የሚያስወግድ ባክቴሪያ የያዘ የስፖንጅ ፊልተር፣ ማሞቂያና መደበቂያ ያስፈልጋል፤ የስፖንጅ ፊልተሩን አስቀድመው በዋናው ገንዳ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ቢያሠሩት ባክቴሪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ለምግብ ደግሞ ከመግዛትዎ 3 ሳምንት በፊት ለስላሳ የወንዝ ጠጠሮችን ቀቅለው፣ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በሞላ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ አድርገው ፀሐይ ያለበት መስኮት ላይ ያስቀምጡ። ጠጠሮቹ አረንጓዴ ይለብሳሉ፤ በየሁለት ቀኑ አንድ ሁለት እያወጡ ለእንስሶቹ መስጠት፣ የተላሱትንም መልሶ ወደ ማሰሮው መክተት ነው። የተራበ ኦቶሲንክለስ ከማንኛውም ፋብሪካ ከሠራው ምግብ ይልቅ ወደዚህ ይሮጣል።

ደረጃ 7፦ ቀስ ብለው ያላምዱ፣ ማታ ያስገቡ

ሽሪምፕ የውሃ ለውጥን አይችልም። ከነውሃው በንጹህ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው፣ በቀጭን የአየር ፓምፕ ቱቦ ከገንዳው ውሃ በጠብታ ያውርዱለት፤ ቱቦውን በላላ ቋጠሮ አስሮ በሰከንድ ወደ 2 ጠብታ ማስተካከል ይቻላል። ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ውስጥ የውሃው መጠን ሦስት እጥፍ ሲሆን በመረብ አንስተው ያስገቡ፤ የመጣበትን ውሃ ወደ ገንዳው አይጨምሩ። በከረጢት ውስጥ ብዙ ሰዓት የተጓዘ ዓሣ ግን በዚህ መንገድ አይዘግይ። ከረጢቱ ሲከፈት የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ እስከዚያ ጉዳት ያልነበረው አሞኒየም ወደ መርዛማ አሞኒያ ይለወጣልና፤ ሙቀቱን ብቻ ለ20 ደቂቃ አስተካክለው በመረብ ያስተላልፉት።

መብራቱ ከጠፋ በኋላ ማስገባት ድንጋጤን ይቀንሳል። የፊልተሩን መሳቢያ በስፖንጅ ይሸፍኑ፤ አለዚያ ትናንሾቹ ሽሪምፖች ይሳባሉ። ገንዳው ክዳን ይኑረው፤ አማኖ በቱቦና በገመድ ላይ ወጥቶ ወለል ላይ ሊገኝ ይችላል፣ ኔራይትም ከውሃው በላይ መውጣት ይወዳል። በመጀመሪያ ካሰቡት ቁጥር ግማሹን ብቻ ያስገቡ፤ አሞኒያው በ1 ሳምንት ውስጥ ካልጨመረ የቀሩትን ያስከትሉ።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን በትዕግሥት ይከታተሉ

በመጀመሪያው ሳምንት ለሌሎቹ ዓሦች የሚሰጡትን ምግብ በግማሽ ይቀንሱ። አማኖ ሽሪምፕ የዓሣ ምግብ በቀላሉ ካገኘ አልጌውን ይተዋል፤ «የገዛሁት አይሠራም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዲያቶም በቀናት ውስጥ ሲቀንስ ይታያል፤ ፀጉራማ አልጌ ሳምንታትን ይፈልጋል፤ ነጠብጣቡ ደግሞ ቀንድ አውጣው በሄደበት መስመር ብቻ ስለሚጸዳ በጣም ይዘገያል። በየሳምንቱ አንድ ቦታ ላይ ሆነው ፎቶ ቢያነሱ ለውጡን ከትውስታ በተሻለ ያሳይዎታል። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ምንም ለውጥ ከሌለ እንስሳ አይጨምሩ፤ ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው ብርሃኑንና ውሃውን ይመርምሩ።

ደረጃ 9፦ አልጌው ሲያልቅ ይመግቧቸው

ሥራቸውን የጨረሱ እንስሳት በረሃብ የሚሞቱበት ገንዳ ብዙ ነው፤ መስታወቱ ንጹህ በመሆኑ ባለቤቱ ደስ ሲለው እነርሱ የሚበሉት ያጣሉ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ በፈላ ውሃ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ የተነከረ የዝኩኒ ቁራጭ፣ የተላጠ ኪያር ወይም ቆስጣ ይስጧቸው። አትክልቱ የተባይ መድኃኒት ሊኖርበት ስለሚችል በደንብ ይጠቡት፣ ይላጡት፤ የተረፈውን ጠዋት ያውጡ። የኦቶሲንክለሱ ሆድ መጉደሉ፣ ሽሪምፑ ሞስ የሚባለውን ለስላሳ ተክል ለጋውን መቀንጠስ መጀመሩ፣ ቀንድ አውጣው ለቀናት ከቦታው አለመነቃነቁ የረሃብ ምልክቶች ናቸው።

ሽሪምፕ ሲያድግ ቅርፊቱን ይጥላል፤ የተጣለው ባዶ ቅርፊት የሞተ ሽሪምፕ ስለሚመስል ሰውን ያስደነግጣል። አያውጡት፤ ለማዕድኑ ሲሉ ራሳቸው ይበሉታል። የሞተ ቀንድ አውጣ ግን ወዲያው መውጣት አለበት፤ አንዱ ብቻውን የትንሽ ገንዳን ውሃ ያበላሻል።

ደረጃ 10፦ ከመርዝ ይጠብቋቸው

መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ሽሪምፕና ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ የታመመ ዓሣ ካለ በማቆያው ዕቃ ውስጥ ለብቻው ያክሙት። በተክል ማዳበሪያ ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት መዳብ በታዘዘው መጠን ከተሰጠ አያሰጋም። ለጥቁር ጺም አልጌ ተብሎ የሚሸጠው ግሉታራልዴሃይድ ያለበት ፈሳሽም መጠኑ ሲያልፍ ሽሪምፕን ይጎዳል፣ ቫሊስኔሪያንና ሞስን ያቀልጣል። ከሁሉ ይልቅ ግን በቤታችን የሚረሳው ፍሊት ነው፤ ለትንኝና ለበረሮ የሚረጨው መድኃኒት በአየር ፓምፑ ተስቦ ውሃ ውስጥ ከገባ ሽሪምፖቹን በአንድ ሌሊት ሊጨርሳቸው ይችላል። ገንዳው ባለበት ክፍል አይርጩ፤ ግድ ከሆነ ፓምፑን አጥፍተው፣ ገንዳውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው፣ ክፍሉም በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ብቻ ይክፈቱት።

ቼሪ ሽሪምፕ ወይም ከተክል ጋር የመጡ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ከሚፈለገው በላይ ከበዙ ምግቡን ይቀንሱ፤ የተረፉትን ገንዳ ላለው ሌላ ሰው ይስጡ። ወደ ወንዝ፣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ቦይ በፍጹም አይልቀቋቸው፤ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነ እንግዳ ተክል ነው። ሲከረከም የወጣውን ተክል በፀሐይ አድርቀው ይጣሉ፤ በየሳምንቱ የሚቀዳውን አሮጌ ውሃም ከወራጅ ውሃ በራቀ የጓሮ አትክልት ሥር ያፍስሱት፤ በውስጡ ያለው ናይትሬት ለጎመኑም ለጽጌረዳውም ማዳበሪያ ይሆናል።